የአሥር ሰዓቱ ሜዳና የአሥራ አንድ ሰዓቱ ስክሪን

ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ በደብረ ሲና ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ጋቢውን ሳያወልቅ ሸዋ ሮቢት አይደርስም። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በደሴ መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ሙቀቱ ለማሾ፣ ለሽንኩርትና ለማንጎ ይስማማል። ኳስ ለሚያሯሩጥ ልጅ ግን ከቀኑ ውስጥ የሚተርፈው ሰዓት ጥቂት ነው። የቀትሩ ፀሐይ እስኪበርድ፣ እስከ 10 ሰዓት ድረስ፣ የይፋት ቆላ ሜዳ የማንም አይደለም። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ ይጨልማል። የትምህርት ቤት ግጥሚያውም፣ የሰፈር ውድድሩም፣ የጎልማሶቹ የጤና ቡድንም የሚሻሙት እነዚህን ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ እነዚሁ ሰዓታት ሌላ ፈላጊ አላቸው። እንግሊዝ ላይ ምሳ ተበልቶ ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ የሚጀመረው የፕሪምየር ሊግ ጨዋታ ሸዋ ሮቢት የሚደርሰው በ11 ሰዓት ነው። ሜዳ ላይ የተማሪዎች ጨዋታ ገና ሲሞቅ፣ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ሰው አግዳሚ ወንበር ይይዛል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆናል፤ አብዛኛው ወጣት የቱን እንደሚመርጥ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም።

ነገሩ ሲነሳ የሚሰማው ወቀሳ የተለመደ ነው። ዲኤስቲቪ ሜዳውን ባዶ አስቀረው፣ ልጆቹ ረግጠውት የማያውቁትን አገር ቡድን እየደገፉ የራሳቸውን ትምህርት ቤት ረሱ ይባላል። ወቀሳው እውነት የለውም አልልም፤ ምክንያቱን ግን የሳተ ይመስለኛል። ወቃሾቹ ልዩነቱ የችሎታ ነው ብለው ያምናሉ፤ የፕሮፌሽናሉ ኳስ ስለሚያምር ይታያል፣ የተማሪው ስለማያምር ይተዋል። እንዲያ ቢሆን ኖሮ በታችኛው የደረጃ ሰንጠረዥ ያሉ ሁለት ቡድኖች ያለ ግብ ሲለያዩ ሰው እስከ መጨረሻው ፊሽካ ባልተቀመጠ ነበር። ይቀመጣል። እያዛጋም ቢሆን ይቀመጣል።

ፕሮፌሽናል ስፖርት ከውበት ቀድሞ የሚሸጠው ቀጠሮ ነው። የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ የዓመቱን መርሐ ግብር የሚያወጣው በሰኔ ነው፤ 20 ቡድኖች፣ እያንዳንዳቸው 38 ጨዋታ፣ በጠቅላላው 380። የሸዋ ሮቢት ልጅ ክረምቱ ሳይጋመስ አርሴናል በጥር ከማን ጋር እንደሚገናኝ ማወቅ ይችላል። ዛሬ የጠፋች ነጥብ በሰንጠረዡ ላይ ተጽፋ ትቆያለች፤ በሚያዝያ ዋንጫ ታሳጣለች። አንድ ሳምንት ያመለጠው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ገብቶ ወሬውን ከቆመበት ይይዛል። ሁለት ደጋፊዎች ባጃጅ ውስጥ ተገናኝተው ያለ ሰላምታ ክርክር መጀመር የሚችሉት የጋራ ቀነ ቀጠሮ ስላላቸው ነው።

ይህን እስከ ጥግ የወሰዱት አሜሪካኖች ናቸው። በዋናው የቤዝቦል ሊጋቸው አንድ ቡድን በስድስት ወር ውስጥ 162 ጊዜ ይጫወታል፤ ዕለት በዕለት ለማለት ጥቂት ነው የሚቀረው። ከ162 አንዷ ጨዋታ ብቻዋን ዋጋ የላትም። ሰው የሚከታተለው ጨዋታዋን ሳይሆን ዓመቱን ነው፤ ሬዲዮ ተከፍቶ፣ ሥራ እየተሠራ፣ የቡድኑ ድምፅ ከቤት እንዳይጠፋ። በ1956 እ.ኤ.አ. ሳይመን ሮተንበርግ የተባለ ኢኮኖሚስት ስለ ቤዝቦል ተጫዋቾች የሥራ ገበያ በጻፈው ጥናት አንድ ሐሳብ አስቀምጦ ነበር፤ ተመልካች የሚመጣው የማን አሸናፊነት አስቀድሞ ሳይታወቅ ነውና፣ አንድ ሀብታም ቡድን ጎበዞቹን ሁሉ ሰብስቦ ቢጨርስ ራሱንም ይጎዳል የሚል። የስፖርት ኢኮኖሚክስ የሚባለው የትምህርት ዘርፍ ከዚያች ጽሑፍ ነው የተነሣው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሮተንበርግ የተናገረው ግን ስለ ሊግ ነው፤ ቀጣይ ሳምንት ስላለው ውድድር።

የተማሪዎች ጨዋታ ቀጣይ ሳምንት የለውም። በአብዛኛው የአገራችን ወረዳዎች የትምህርት ቤቶች ውድድር የሚካሄደው በጀት ሲለቀቅ፣ ዳኛ ሲገኝ፣ ደብዳቤ ሲደርስ ነው። ከዞን ማስታወቂያ ይመጣና በሳምንቱ ቡድን ይመረጣል፤ ማልያ ይፈለጋል፤ የስፖርት መምህሩ በራሱ ስልክ ትራንስፖርት ያፈላልጋል። ሁለት ጨዋታ ተደርጎ አንዱ ይወድቃል፤ ያኛው በአይሱዙ ተጭኖ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ከዚያ እስከ መቼ? ማንም አያውቅም። ሰው ቀኑን የማያውቀውን ጨዋታ አላየህም ተብሎ ሊወቀስ አይገባም።

ቀኑን አውቆ የመጣ ሰው ግን ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ፈጽሞ የማያገኘው ነገር ይጠብቀዋል።

መጀመሪያ ነገር ተመልካቹ የሚቆመው መስመሩ ላይ ነው። መስመሩም ከኖራ ይልቅ በተመልካቹ ጫማ የተሠመረ ነው፤ ማዕዘን ምት ሲመታ ሰው ወደ ኋላ ይገፋል፣ ሲያልፍ ይመለሳል። የግራ ተመላላሹ ጠዋት ከአባቱ ጋር ሽንኩርት ሲጭን የታየ ልጅ ነው። በረኛው ያደረገው ታኬታ የታላቅ ወንድሙ ስለሆነ ሰፍቶታል፤ ወንድሙ ከጎሉ ጀርባ ቆሞ ጫማው እንዳይቀደድ ያስጠነቅቃል። ዳኛው የፊዚክስ መምህር ይሆናል። እርሱን መስደብ ጥበብ ይጠይቃል፤ ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእርሱ ነው። «ቲቸር፣ ኧረ በናትህ ፋውል ነው!» ከሚለው የሚያልፍ ደፋር የለም። እናቶችም ይመጣሉ፤ ኳስ ከማየት ልጅ ማየት ይበልጥባቸዋልና ኳሷ ወዴት እንደሄደች ግድ የላቸውም። ልጁ ሲወድቅ ጨዋታው እንዲቆም የሚጮኹት እነርሱ ናቸው።

ዋናው ነገር ጩኸቱ መድረሱ ነው። ለንደን ላለ አጥቂ ሸዋ ሮቢት ላይ የተጮኸ ምክር መስታወት ነክቶ ይመለሳል። እዚህ ግን «ወደ ቀኝ!» ሲባል ልጁ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ይሳሳታል፤ ያሳሳተው ሰው ይሳቅበታል። ተመልካቹ በውጤቱ ውስጥ እጁ አለበት። ያቺ ግብ ከተቆጠረች ደግሞ አስቆጣሪው በማግስቱ ከጎንህ ይቀመጣል፣ የቤት ሥራ ይቀዳብሃል። ፕሮፌሽናሉ ሊግ ስንት ሚሊዮን ከፍሎም ይህን ቅርበት ሊያቀርብ አይችልም።

በ1976 እ.ኤ.አ. ሮበርት ቻልዲኒ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በሰባት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ላይ ጥናት አደረገ። የትምህርት ቤታቸው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ቅዳሜ ካሸነፈ፣ ሰኞ ዕለት የትምህርት ቤቱን ስምና ምልክት የያዘ ልብስ ለብሰው የሚመጡት ይበዛሉ። ስለ ጨዋታው ሲጠየቁም ያሸነፉ እንደሆነ «እኛ» ይላሉ፤ ከተሸነፉ «እነርሱ» ማለት ይቀናቸዋል። ዲኤስቲቪ ቤት ይህን በዓይን ያሳያል። ማንችስተር ዩናይትድ ሲያሸንፍ ቀይ ማልያ ከተማውን ይሞላዋል፤ ሲሸነፍ ማልያው ይታጠባል። ትምህርት ቤት ግን ሽንፈትን ለ«እነርሱ» ማስተላለፍ አይመችም። ስድስት ጎል የገባበት በረኛ የክፍልህ ልጅ ነው፤ የት ትሸሸዋለህ?

ደግሞ ሴቶቹ አሉ። ዲኤስቲቪ ቤት በአመዛኙ የወንድ ቤት ነው፤ ትምህርት ቤት ሜዳ ግን ሴት ልጅ ተመልካችም ተጫዋችም የምትሆንበት ቦታ ነው። ደራርቱ ቱሉ የሮጠችው መጀመሪያ በትምህርት ቤት ነው። በቆጂ ውስጥ የስፖርት መምህር የነበረው ስንታየሁ እሸቱ ካሠለጠናቸው ልጆች መካከል እርሷ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ይገኛሉ፤ አንድ የአርሲ ከተማ ያን ሁሉ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘችው በስታዲየም ብዛት አልነበረም። በበቆጂ የነበረው ማለዳ ማለዳ የማይቀር ልምምድና የማይቀር መምህር ነው።

ቀጠሮና ቅርበት አንድ ላይ ሲገኙ ምን እንደሚሆን ለማየት የሚሻለው አገር ጃፓን ነው። እዚያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የቤዝቦል ውድድር የተጀመረው በ1915 እ.ኤ.አ. ነው፤ የጀመረው የኦሳካው አሳሂ ጋዜጣ። ኮሺዬን የሚባለው ስታዲየም በ1924 ተሠራለት፤ በ1927 በሬዲዮ መተላለፍ ጀመረ። ፕሮፌሽናል ሊጉ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ በ1936 ነው። ዛሬም በየነሐሴው 49 ትምህርት ቤቶች አገሪቱን ወክለው ይገናኛሉ፤ አንዴ የተሸነፈ ወዲያው ወደ ቤቱ ነው። ተሸናፊዎቹ ተንበርክከው የሜዳውን አፈር በከረጢት ይዘው ይሄዳሉ፤ ብዙዎቹ ዳግመኛ አይመለሱበትምና። አገሩ በሙሉ በቴሌቪዥን ያየዋል። የዘመናችን የቤዝቦል ቁንጮ ሾሄይ ኦታኒ በተማሪነቱ ሁለት ጊዜ ኮሺዬን ደርሶ ሁለቱንም ጊዜ በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸንፎ ወጥቷል። በ2023 መጨረሻ ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ጋር የ10 ዓመት፣ የ700 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ፤ ኮሺዬን ላይ ግን አንድም ድል የለውም። የጃፓን ተመልካች ሁለቱንም ታሪኮች እኩል ያውቃቸዋል።

ለይፋት ሰው ይበልጥ የሚገባው ነገር ሌላ ነው። የነሐሴ ሙቀት ኮሺዬንንም ያስቸግራል። በ2023 አዘጋጆቹ በጨዋታ አጋማሽ የ10 ደቂቃ ማቀዝቀዣ ዕረፍት አስገቡ፤ በ2024 ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጨዋታዎቹን ለጠዋትና ለማታ ከፈሏቸው። ፀሐይን ሸሽቶ ሰዓት መምረጥ የቆላ ሰው ብቻ ችግር አይደለም፤ ልዩነቱ እዚያ ሰዓቱን የሚመርጥ አካል መኖሩ ነው።

እንግሊዞችም ቢሆኑ ይህን ጉዳይ ከእኛ ቀድመው አስበውበታል፤ እኔ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ በጣም የሚገርመኝም ይኸው ነው። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ዋናው ጨዋታ በሚደረግበት ሰዓት እንግሊዝ ውስጥ እግር ኳስ በቀጥታ በቴሌቪዥን አይተላለፍም። ክልከላው ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ ነው፤ አጥብቀው ከተከራከሩለት ሰዎች አንዱ የበርንሌይ ክለብ ሊቀ መንበር ቦብ ሎርድ ነበሩ። ክርክሩም ግልጽ ነበር፤ ትልቁ ጨዋታ በቤት ከታየ ሰው የሰፈሩን ትንሽ ክለብ ለማየት አይወጣም፣ ትንሹ ክለብ ይሞታል። ስለዚህ አርሴናል ቅዳሜ በዚያ ሰዓት ሲጫወት ለንደን ያለ ደጋፊ ትኬት ካልገዛ በቀጥታ አያየውም። ሸዋ ሮቢት ያለው ደጋፊ ያየዋል። እንግሊዝ ትንንሽ ሜዳዎቿን ከራሷ ሊግ በሕግ ስትጠብቅ፣ ያው ሊግ ያለ ምንም አጥር የይፋትን ሜዳ በሚሻማበት ሰዓት ይደርሳል። ይከልከል ማለቴ አይደለም፤ የሚከለክል አይኖርም፣ ቢኖርም አልደግፈውም። የእግር ኳስ አገር የሚባለው ራሱ ትንሹ ሜዳ በፉክክር ብቻ እንደማይተርፍ ማመኑን ግን ልብ ማለት ያሻል።

የአገራችን ፕሪምየር ሊግስ? በ1990 ዓ.ም. የተጀመረው ሊግ ለሸዋ ሮቢት ሰው ሁልጊዜም ሩቅ ነበር፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከስክሪን ውጭ የሚገኝ አልሆነም። በዚያ ዓመት የስርጭት መብቱ ለዲኤስቲቪ ሲሸጥ ጨዋታዎቹ በጥቂት ከተሞች፣ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ፣ ተራ በተራ እንዲካሄዱ ተደረገ። ፋሲል ከነማ ታሪካዊውን የመጀመሪያ ዋንጫውን ያነሣው በዚያው ዓመት ነው፤ ጎንደር ላይ ግን አልተጫወተም። ክለቦቹ በአብዛኛው በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋማት ገንዘብ ይተዳደራሉ። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር፤ ከፍ ያለ ክፍያ በሌላ መንገድ ይከፈላል የሚለው ወሬ ግን አልቆመም። ይህ ሁሉ ገንዘብ ከኳስ ተጫዋች መፍለቂያው፣ ከትምህርት ቤት ሜዳ፣ ሳይደርስ ነው የሚያልቀው። ሎዛ አበራን ከዱራሜ አንሥቶ እስከ ማልታው ቢርኪርካራ ያደረሳት መንገድ ለአንድ ልጅ ተከፈተ፤ ስንቷ ልጅ መንገዱ ጫፍ ላይ ቀርታለች።

ቤዝቦል እኛ ዘንድ ሥር አልያዘም። በዱላ የሚመታ ኳስ ግን ከጥንትም አለን። የገና ጨዋታ ሊግ የለው፣ ደመወዝ የለው፣ ሰንጠረዥ የለው፤ ጌታ በሎሌው የማይቆጣበት ቀን እየተባለ ለዘመናት ኖሯል። ሰሜን ሸዋ የተወለደው አበበ ቢቂላም በልጅነቱ ይጫወተው ነበር። ያኖረው አንድ ነገር ነው፤ ታኅሣሥ 29 ሲደርስ ዱላ የሚቆርጥ ልጅ ማንም ሳይቀሰቅሰው ይወጣል።

ለትምህርት ቤት ስፖርት እንዲህ ያለ ቀን መቁረጥ በይፋት ከባድ ሥራ ነው፤ ከበጀትም በላይ ከባድ ያደረገው ደግሞ ያለፉት ዓመታት ነገር ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ድረስ መጣ። ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት በብዙ ወረዳዎች ትምህርት ተቋርጧል፤ የተዘጋ ትምህርት ቤት ደግሞ ቡድን የለውም። በእነዚያ ወራት ሁሉ እንግሊዝ ላይ ቅዳሜ አልቀረም። ወጣቱ ወደ ስክሪኑ ያዘነበለው የራሱን ስለናቀ ሳይሆን፣ የማይቋረጥ የነበረው ያ ብቻ ስለሆነም ጭምር ነው። ይህን ሳያነሡ ልጆቹን መውቀስ ነውር ይመስለኛል።

ትምህርት ባለበት ዓመት ግን ቀን ይገኛል። የይፋትን የጊዜ ሰሌዳ ለሚያውቅ ሰው ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። መስከረምና ጥቅምት ምዝገባና ማሽላ ጥበቃ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ፤ ልጆቹ ከትምህርት ሲወጡ ማሳ ላይ ይፈለጋሉ። ከሚያዝያ በኋላ ሙቀቱ አያስቆምም፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪም ከፈተናው ሌላ ነገር አይታየውም። የሚቀረው ከጥር አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ያለው ጊዜ ነው። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ እየመጣ አንዳንድ ዓመት እዚህ ላይ ይወድቃል። ያኔ የሚጾመውን ልጅ ከማፍጠሪያው በፊት ማሯሯጥ አይገባምና ውድድሩ ቀድሞ ማለቅ ይኖርበታል፤ ክርስቲያንና ሙስሊም ተማሪ በአንድ ማልያ በሚሰለፍበት አገር ይህን አስቀድሞ ማየት የአዘጋጁ የመጀመሪያ ሥራ ነው።

አንድ ተጨማሪ ምቾትም አለ። እንግሊዞች ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ስለሚመልሱ የቅዳሜው ጨዋታ ሸዋ ሮቢት የሚደርሰው በ11 ሰዓት መሆኑ ቀርቶ በ12 ይሆናል። በእነዚያ ወራት በ10 ሰዓት የተጀመረ የተማሪዎች ግጥሚያ ዕረፍቱንና የባከነ ሰዓቱን ጨምሮ ተጠናቅቆ፣ ደጋፊው ላቡን ጠርጎ ዲኤስቲቪ ቤት ሊደርስ ይችላል። መጋቢት 20 ገደማ ግን ሰዓቱ ተመልሶ ይለወጣል። ፍጻሜው ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ ይሁን።